በፓኩ ላይ የማልሁት መሐላ

ክብርት ዳኛ ኢስተርሊንግ፣ የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ክቡራትና ክቡራን፤

ይህን ማዕድ ስላሰናዳችሁልኝ ከልቤ አመሰግናለሁ። የዱር ሩዙን ሾርባ የሠራው እጅ ይባረክ። ዓቃቤ ሕጋችን አቶ ሩዲ ፕሬቢች እናቱ የጋገሩትን የዋልነት ለውዝ ጥቅልል ዳቦ ይዞልኝ መምጣቱን አይቻለሁ። ሩቡን መንገድ ላይ መብላቱንም አይቻለሁ። ሹራቡ ላይ ያለው ፍርፋሪ ማስረጃ ነውና ይግባኝ አይባልበትም።

በዚህ ፍርድ ቤት ሠላሳ ስድስት ዓመት በሬጅስትራርነት አገልግያለሁ። በእነዚህ ዓመታት ስንት ሰው አስምያለሁ? ቆጥሬ አላውቅም። ለቄሱም ለሌባውም፣ ለብረት ማዕድን ሠራተኛውም ለከንቲባውም «ቀኝ እጅዎን ያንሡ» ያልሁት በአንድ ድምፅ ነው። ለአንዱ አለዝቤ ለሌላው አላከረርሁም። በዚህ እኮራለሁ። የሚኮራበትን ነገር በትሕትና ሸፍኖ የሚናገር ሰው ውሸት እየተለማመደ ነው ብዬ ስለማምን፣ ኩራቴን አልደብቅባችሁም።

አባቴ የሉተራን ቄስ ነበር። የሃይማኖቱን ጥያቄና መልስ በቃላችን ሳንል እራት አይቀርብልንም። ወንድሜ ሃልቨርና እኔ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመን እንጠየቃለን። «በሐሰት አትመስክር ማለት ምን ማለት ነው?» ይላል አባቴ። ሃልቨር ምድጃው ላይ ያለውን ሾርባ እያየ «አለመዋሸት ነው» ይላል። «እሱ ግማሹ ነው። ሌላውስ?» ሌላው ግማሽ የባልንጀራን ስም እንደ ራስ ስም መጠበቅ ነው። ሃልቨር ሁልጊዜ ይህን ግማሽ ይረሳል፤ እኔ ግን አልረሳም ነበር። ይህን የምነግራችሁ በከንቱ አይደለም፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ባለፈው ሰኞ ክብርት ዳኛ ቢሮዬ ገብተው፣ «ቨርና፣ ስትሄጂ ዱላውን እንሰጥሻለን፤ ሁሉም ተስማምቷል» አሉኝ። ዱላው ይኸው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ሰማያዊ ሪባን ታስሮበታል። በግድግዳው ላይ የተሰቀለበት ቦታም ነጥቶ ይታያል። ስጦታው ከሚገባኝ በላይ ነው። ልቀበለው ግን አልችልም። ለምን እንደማልችል ለመናገር ጥቂት ደቂቃ ፍቀዱልኝ።

ከእናንተ ውስጥ አዲስ የመጣችሁ፣ ይህ የበረዶ ሆኪ ዱላ የተራ ሰው መጫወቻ እንዳይመስላችሁ። የዛሬ ሠላሳ አራት ዓመት ሩዲና የያኔው ችሎት አስከባሪያችን አርቮ ኬቶላ በምሳ ሰዓት እዚህ ክፍል ውስጥ ተጣሉ። ሩዲ ከቺካጎው ክሪስ ቼሊዮስ የሚበልጥ አሜሪካዊ ተጫዋች አልተወለደም አለ። አርቮ ሳንድዊቹን አስቀምጦ «ፍራንክ ብሪምሴክ በተወለደበት አውራጃ ቆመህ ይህን ስትል አታፍርም?» አለው። ሩዲ «ብሪምሴክን ማን አየው? አያቴ እንኳ ረስተውታል» ሲለው፣ አርቮ ከወንበሩ ተነሣ። ስለ አርቮ ቁመት ለማታውቁ፣ ሲነሣ ክፍሉ ይጠባል። የዚያን ጊዜው ዳኛ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በበሩ ብቅ ብለው «ጠብ ከሆነ እስር ነው፤ ክርክር ከሆነ ደግሞ ችሎት ይሰየምለት» አሉ።

ተሰየመ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ፣ የሐይቁ በረዶ ፒካፕ መኪና መሸከም በጀመረ በመጀመሪያው ዓርብ፣ በዚህ የሕዝብ ዳኞች መምከሪያ ክፍል ችሎት ይቆማል። ከሠራተኛው ዐሥራ ሁለት ሰው በዕጣ ይመረጥና በዐሥራ ሁለቱ ወንበሮች ይቀመጣል። ጥያቄው አንድ ነው፤ በአሜሪካ ምድር ከተወለዱት የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ሁሉ የሚበልጠው ማን ነው? ምስክር የሚምለው ቀኝ እጁን አንሥቶ፣ ግራውን በዚያ በተሰነጠቀው አሮጌ ፓክ፣ በሆኪ እንደ ኳስ በሚመታው የጎማ ክብ፣ ላይ አድርጎ ነው። የረታው ተጫዋች ስም በዱላው ላይ ይቀረጻል።

ሕጉን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ሁለት አንቀጽ ብቻ ነው ያለው። የመጀመሪያው፣ ተጫዋቹ በአሜሪካ ምድር የተወለደ ይሁን ይላል። ሩዲ ይህን አንቀጽ ለመስበር ያላደረገው ሙከራ የለም።

«ቨርና፣ ብሬት ሃል እኮ የተጫወተው ለአሜሪካ ነው። ልቡ የኛ ነው።»

«ልብ የልደት ወረቀት የለውም። ካናዳ ነው የተወለደው። ቀጥል።»

«እሺ፣ ብራያን ሊችስ? ቴክሳስ የተወለደ ሰው! እዚያ በረዶ የሚያዩት በመጠጥ ብርጭቆ ውስጥ ነው።»

«ቴክሳስ፣ ብንወድም ባንወድም፣ የአሜሪካ ምድር ናት። ሊች ይገባል።»

ሁለተኛው አንቀጽ፣ ያላየ አይመስክር ይላል። ምስክሩ ጨዋታው በተደረገበት አዳራሽ ተቀምጦ፣ ተጫዋቹን በገዛ ዓይኑ ያየ መሆን አለበት። አንዲት ጸሐፊያችን በአንድ ዓመት «እኔ በቴሌቪዥን አይቼዋለሁ» ስትል፣ «ያየው ካሜራው ነው፤ እንግዲያው ካሜራውን ለምስክርነት ጥሪው» ያልኋት እኔ ነኝ። ሁላችሁም ሳቃችሁ። እሷ ግን አልሳቀችም። ዛሬ እዚህ አለች፤ ይቅርታ እጠይቃታለሁ።

ይህ አንቀጽ ከሁሉ ይበልጥ የጎዳው አርቮን ነው። አባቱ ኤይኖ ኬቶላ ችሎቱ ከመጀመሩ አስቀድሞ ያረፉ የብረት ማዕድን ሠራተኛ ነበሩ። በወጣትነታቸው ግብ ጠባቂውን ፍራንክ ብሪምሴክን ገና ስሙ ሳይገን በዚሁ አውራጃ ኤቭለት ከተማ ውስጥ አይተውታል። በኋላ ቦስተን ሄዶ በመጀመሪያው ዓመት ዐሥር ጨዋታ አንድም ግብ ሳይገባበት ሲወጣ፣ ሰው ሁሉ ዜሮ እያለ ሲጠራው፣ ኤይኖ አልተገረሙም። አርቮ ይህን ሊናገር በየዓመቱ ይነሣል፤ እኔ በየዓመቱ አስቀምጠዋለሁ።

«አባቴ በኤቭለት አዳራሽ...»

«አባትህ አይተዋል። አንተስ?»

«እኔ ያኔ አልተወለድሁም።»

«እንግዲያው የስሚ ስሚ ነው። ተቀመጥ።»

ዐሥራ ስድስት ዓመት እንዲህ ሆነ። እሱም ይቀመጣል። በዓመቱ እንደገና ይነሣል።

የዛሬ ዐሥራ ስምንት ዓመት የአርቮ የመጨረሻው ችሎት ነበር፤ ዓርብ ችሎቱ ነው፣ ሰኞ ጡረታ ይወጣል። ክብርት ዳኛ ያኔ አዲስ ተሹመው ነበር። «ለዚህ አንድ ምስክር ብቻ፣ የአባቱ ቃል በልጁ አፍ ይሰማ» ብለው ፈቀዱ። እኔ ተቃወምሁ፤ ተቃውሞዬ ውድቅ ሆነ።

አርቮ ቆመ። ከአምስት ደቂቃ በላይ አልተናገረም። «አባቴ ሰው የማያደንቅ ሰው ነበር» አለ። «እናቴን እንኳ ምግብሽ ይበላል ነው የሚላት። ስለዚያ ልጅ ግን፣ ሌሎች ግብ ጠባቂዎች ፓኩን ያሳድዱታል፤ እሱ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ፓኩ ራሱ አፍሮ እጁ ውስጥ ይገባል ይል ነበር። ይህን አርባ ዓመት ሲናገር ሰማሁት። አንድ ቀን አንዲት ቃል አልጨመረም።»

ወንበር ላይ የነበሩት ዐሥራ ሁለቱ ወደ እሱ ማዘንበላቸውን ሁላችንም አየን። አርቮም አየ፤ ደስ አለው። ደስ ያለው ሰው ደግሞ ይቀልዳል። ወደ እኔ ዞሮ፣ «እስቲ አሁን ሕግ አውጪዋን ልጠይቅ» አለ። «ቨርና፣ ዐሥራ ስድስት ዓመት ያላየ አይመስክር ስትይን ኖርሽ። አንቺ ራስሽ ማንን አይተሻል?»

ሳቅ ሆነ። ክፋት አልነበረበትም። እውነተኛው መልስ አጭር ነበር፤ «ማንንም አላየሁም።» ሦስት ሰከንድ የማይፈጅ መልስ ነው። ብናገረው የሚመጣብኝ የአንድ ዓርብ ሳቅ ብቻ ነበር።

እኔ ግን ተነሣሁ። ግራ እጄን ፓኩ ላይ አድርጌ፣ ቀኙን አንሥቼ ማልሁ። ቡድናችን ወደ ቴክሳስ ከመሄዱ በፊት ብሉሚንግተን አዳራሹ ድረስ ወርጄ አጥቂውን ማይክ ሞዳኖን በዓይኔ አይቻለሁ አልሁ። ሲንሸራተት ሹራቡ ከኋላው በገመድ ላይ እንደተሰጣ ልብስ በነፋስ ሲርገበገብ አይቻለሁ አልሁ። ሌላም ብዙ ተናገርሁ፤ በደንብ ተናገርሁ። አንድ ሰው ከኋላ «ቲኬት አላት?» ብሎ ጠየቀ። ሩዲ ምን እንዳለ ታስታውሳላችሁ?

«ቲኬት? ቨርና ናት እኮ» አለ።

ሰባት ለአምስት ሞዳኖ ረታ። አርቮ ቆቡን ከመንጠቆው አንሥቶ፣ «ሕግ ነው» አለና በደረጃው ወረደ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት በቆመበት በር የወጣው እንዲያ ነው። የአባቱ ቃልም ተረታ።

ክቡራትና ክቡራን፤ ማይክ ሞዳኖን በዓይኔ አይቼው አላውቅም።

ወደ ብሉሚንግተን መሄዴ እውነት ነው። ከወንድሜ ከሃልቨር ጋር፣ በየካቲት ብርድ፣ ቲኬት ገዝተን ነው የተነሣነው። በመንገዱ እኩሌታ አንዲት አጋዘን ዘልላ መኪናችን ላይ ወደቀች። ራዲያተሩ ተቀደደ። ጎታች መኪና መጥቶ አንድ የመንገድ ዳር ጋራዥ አስገባን። መካኒኩ ሬዲዮ ከፍቶ ነበርና ጨዋታውን በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጬ፣ የሱፍ ፍሬ እየፈለፈልሁ ሰማሁት። የሹራቡን መርገብገብ ያየሁት በሌላ ጊዜ፣ በቴሌቪዥን ነው። ቲኬቱ ይኸው እጄ ላይ ነው፤ ተቀባበሉና እዩት። አዳራሽ የገባ ሰው ቲኬት በር ላይ ይቀደዳል። ይህ አልተቀደደም።

ጨዋታ ነው ትሉኝ ይሆናል። በጨዋታ ጌታ አይቆጣም ይባላል፤ እውነት ነው። መሐላ ግን ጨዋታ አይደለም። ሠላሳ ስድስት ዓመት ለሰው ሁሉ ስናገር የኖርሁት ይህንኑ ነው። በትልቁ ችሎት እውነት ተናግሮ በትንሹ የሚዋሽ ሰው፣ በትልቁም እውነት የተናገረው ስለሚፈራ እንጂ ስለሚያምንበት አይደለም። ደግሞስ የዋሸሁት ስለ ሞዳኖ ብቻ ነው? ሞዳኖን የኔ ውሸት አልጨመረውም፣ አልቀነሰውም። በዚያ ቀን የአንድ አባት ቃል በልጁ አፍ ሊከበር ተቃርቦ ነበር፤ ያንን ነው በሐሰት የገፋሁት። አባቴ የሚጠይቀኝን ሌላውን ግማሽ፣ ሃልቨር ሳይሆን እኔ ረሳሁት።

ሰኞ ዱላው ለእኔ እንደሆነ ስሰማ፣ የዚያ ዓመት ስም በሳሎኔ ግድግዳ ላይ ሆኖ ሲያየኝ ታየኝ። ስለዚህ በማግስቱ ቀትር ላይ አርቮን ፍለጋ ወደ ሐይቁ ሄድሁ። ለእናንተ ከመናገሬ በፊት እሱ ሊሰማ ይገባ ነበር። ሰማንያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ክረምቱን በዓሣ ማጥመጃ ጎጆው ውስጥ በረዶው ላይ ነው የሚያሳልፈው። በሩን አንኳኳሁ።

«ግባና ዝጋው፣ ሙቀቱ እየወጣ ነው» አለ ቀና ሳይል። ቀጥሎ አየኝ። «ቨርና? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። የምነግርህ ነገር አለኝ።»

«ተቀመጪ። ቀስ ብለሽ አውሪ፤ ዓሣው ንግግር አይወድም።»

አልተቀመጥሁም። አባቴ እንዳስተማረኝ ቆሜ፣ ከማልሁበት ጀምሬ እስከ ባልዲው ድረስ ነገርሁት። አርቮ ዓይኑን ከበረዶው ቀዳዳ አላነሣም። ስጨርስ፣

«አጋዘኗ የሰበረችው የግራውን መብራት ነው የቀኙን?» አለኝ።

መብራት መሰበሩን አልነገርሁትም ነበር። «የግራውን» አልሁት።

«ሬይ የቀኙን ነው ያለኝ።»

«ሬይ ማን ነው?»

«መካኒኩ። የባለቤቴ የአክስት ልጅ ነው። ጡረታ በወጣሁ በፋሲካው እኛ ጋ መጥቶ፣ ያቺ የናንተ ሬጅስትራር የሞዳኖን ጨዋታ እኔ ጋራዥ ባልዲ ላይ ተቀምጣ ነው የሰማችው ብሎ አጫወተኝ።»

ያን ጊዜ ተቀመጥሁ። «ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ታውቅ ነበር?»

«ሰምቼ ነበር። ማወቅ ሌላ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልህ? ለዳኛዋ ብትነግራቸው፣ ለሩዲ ብትነግረው፣ በማግስቱ ፍርዱ ይሻር ነበር።»

አርቮ ክሩን ሳብ አድርጎ ለቀቀው። «ምን ብዬ ልንገር?» አለኝ። «በዓይኔ አላየሁም። ሬይ ነው ያየው። የስሚ ስሚ ነው ብለሽ ታስቀምጪኝ ነበር።»

ሕጉን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ የጠበቀው ግን አርቮ ነው። እኔን መርታት በሚችልበት ጊዜ እንኳ ጠበቀው። ከእሱ ጋር በአንድ ችሎት መቆሜን ከሁሉ በላይ እኮራበታለሁ።

አሁን ክብርት ዳኛ፣ በሬጅስትራርነቴ የማቀርበው የመጨረሻ አቤቱታ ይህ ነው። የዚያ ዓመት ምስክርነቴ ይሰረዝ። ስሙም ከዱላው ይፋቅ። ያለ ትእዛዝ መዝገብ አይነካምና እኔ አልነካሁትም፤ የአሸዋ ወረቀት ግን በቦርሳዬ ይዤ መጥቻለሁ። ሩዲ ጡንቻ አለው፣ ይፋቅልን፤ ለበላው ዳቦም ካሳ ይሆነዋል። ሞዳኖ በሌሎች ዓመታት በሐቀኛ ምስክር የረታባቸው ቦታዎች ይቆዩ። ሐሳቤን ለውጫለሁ ብላችሁም እንዳትሳሳቱ። እሱ ይበልጣል ብዬ ዛሬም አምናለሁ። ግን አላየሁትም፤ ስለዚህ ዝም እላለሁ። ዱላውም ወደ ግድግዳው ይመለስ። የእኔ ሳይሆን የዚህ ቤት ነው።

የተፋቀው ቦታ ባዶ እንዳይቀር ደግሞ ክርክሩ በዛሬው ዕለት እንደገና ይከፈት። ክብርት ዳኛ በዚያን ቀን ለአንድ አባት ቃል የሰጡት ፈቃድ እስካሁን አልተሻረም፤ መዝገቡን አይቻለሁ። ዐሥራ ሁለቱም ወንበሮች እዚህ አሉ።

ባልደረቦቼ፣ በሰላም እሰናበታችኋለሁ። እግዚአብሔር ፍርዳችሁን ቀና፣ እጃችሁን ንጹሕ ያድርገው። ከእናንተ ፊት የሚቆም ሰው፣ ቢረታም ባይረታም፣ ተሰምቻለሁ ብሎ ይሂድ። ልጆቻችሁ በቀጭን በረዶ ላይ አይቁሙ፤ እናንተም አትቁሙ። ቃላችሁ ያለ ቲኬት የሚታመንላችሁ ሰዎች ሁኑ፤ የታመናችሁበት ቀን ግን ቲኬታችሁ የተቀደደ ይሁን። ጡረታ ስትወጡ ዱላ ቢሰጧችሁ በሁለት እጅ የምትቀበሉ ያድርጋችሁ።

አሁን አንድ ሰው ማስማል ይቀረኛል። በዚያ በር፣ በድሮው ቦታው፣ ቆቡን ይዞ ቆሟል።

አቶ አርቮ ኬቶላ፣ ወደ ፊት ይምጡ። ግራ እጅዎን ፓኩ ላይ ያድርጉ፤ ቀኝ እጅዎን ያንሡ። አባትዎ ያዩትን ይንገሩን።